የሙሽሮቹ ዘፋኝ እትዬ ነፊሳ

ጅቡቲ ያለችው ከበሮ መቺያችን ኻድራ በስልክ ማውራት አትወድም። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ መሃል ቆሜ ድምፅዋን ስሰማ፣ ገና ምንም ሳትለኝ ክፉ ወሬ እንደሆነ አወቅሁ።

«ናያ ገነት፣» አለችኝ፣ «አንቺ» ማለቷ ነው፣ ሶማሊኛ በሚጎትተው አማርኛዋ። «ነፊሳ ሄደች። ንጋት ላይ የሱብሂ አዛን ሲል ውሃ ሰጠኋት፤ ጠጣች፤ ከዚያ ሄደች።»

«አሁን የት ናት?»

«ወንድሟ መጡ። ወሰዷት። ከቤታቸው ነው የምትወጣው አሉ።»

ከዚያ በኋላ ያለችኝን በደንብ አላስታውስም። «ከቤታቸው» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። እትዬ ነፊሳ ከወንድሟ ቤት በእግሯ ከወጣች ሃያ ዓመት አልፏታል። ተመልሳ የገባችው በሰው ትከሻ ነው።

የእስላም ቀብር ስለማይቆይ እንደማልደርስ አውቄ ነበር። ቢሆንም በማግስቱ ለለቅሶው ጅቡቲ ገባሁ። እዚያ የሰማሁትን መጨረሻ ላይ አወራዋለሁ። ሴትዮዋን ለማያውቅ ሰው ግን ለቅሶው ብቻውን ምንም አይነግረውም።

ጅቡቲን መጀመሪያ ያየሁት ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሳበት ዓመት ነው። የአገሬ ጭነት ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ ወደብ አዙሮ መንገዱ በከባድ መኪና ተጨናንቆ ነበር። እኔም በአንዱ ጋቢና ተቀምጬ መጣሁ። ሐሳቤ መቆየት አልነበረም። ደላላው ኦቦክ የምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ ያደርሰኛል፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ተራዬ እስኪደርስ ድረስ ሁለተኛው ካርቲዬ በሚባለው ሰፈር አንድ ነጋዴ ቤት በልብስ አጣቢነት ተቀጠርኩ። የቤቱ ልጅ ልትዳር ጥቂት ቀን ቀርቷት ነበር።

አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብዬ እያንጎራጎርኩ ሳጥብ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት፣

«አንቺ ልጅ፣ እሱን መልሰሽ በይው» አለችኝ።

ዞር ስል ቀጠን ያለች፣ ፍንጭት፣ ሻሿ ከራሷ ላይ የሚንሸራተት፣ ቢጫ ሽቲ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቆማለች። ዕድሜዋ ከአርባ ብዙ አይርቅም። ስትናገር ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ ትዘፍናለች ብሎ የሚገምት የለም።

«ይቅርታ እትዬ፣ ረበሽኩዎት?»

«የምን አንቱ ነው? ከየት ነሽ?»

«ከድሬዳዋ።»

«ድሬዳዋ ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ መባባል የጀመረው?» ብላ ሳቀች። «ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሥራ አለሽ?»

ለመሻገር እየጠበቅሁ እንደሆነ ነገርኳት። ፊቷ አልተለወጠም።

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ተራዬ ሲደርስ።»

«እንግዲያው ተራሽ እስኪደርስ ተቀበይልኝ።»

የእሷ ዘፋኝነት የሴቶች ሠርግ ላይ ነበር። እሷ ግጥሙን ታወጣለች፣ ኻድራ የምትባል የአገሩ ተወላጅ ከበሮ ትመታለች፣ አንድ ሰው ደግሞ ይቀበላል። የበፊቷ ተቀባይ አግብታ ሄዳ ስለነበር ቦታው ለእኔ ሆነ። ደላላው «ተዘጋጂ» ብሎ በላከ ቁጥር እትዬ ነፊሳ ጋ እሄድና እነግራታለሁ። አንድም ቀን «አትሂጂ» ብላኝ አታውቅም። «የሐሙሱን ሠርግ ጨርሰሽ ሂጂ፣ ቃል ገብቼባቸዋለሁ» ትለኛለች። ሐሙስ ሲያልፍ የሰኞ ይመጣል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሳለ፣ ደላላው ቤት አብራኝ ተራ ትጠብቅ የነበረች አንዲት የወሎ ልጅ የተሳፈረችበት ጀልባ የት እንደገባ ጠፋ። ዘመዶቿ ፎቶዋን ይዘው መሃል ጅቡቲ ሜኔሊክ አደባባይ ካፌ ለካፌ ሲዞሩ አየኋቸው። ያን ቀን እትዬ ነፊሳ ግጥም እያስጠናችኝ ነበር። ያየሁትን ስነግራት ማስጠናቷን ቀጠለች። እጇን ብቻ ጉልበቴ ላይ አድርጋ እስከ ማታ አላነሳችውም። ከዚያ ወዲያ ደላላው ሲልክብኝ መልስ አልሰጠሁትም።

አብሬያት አሥራ ሰባት ዓመት ዘፈንኩ።

የሠርግ ዘፋኝ ብዙ ነበር። እሷ የምትለየው አንዱን ሠርግ በሌላው ግጥም አለመዝፈኗ ነው። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ከሙሽራዋ ጋር ለብቻዋ ትቀመጣለች። ሁልጊዜ ሦስት ነገር ትጠይቃለች፦ የእናትሽና የአያትሽ ስም ማነው? ማን አሳደገሽ? ጥለሽው ስትሄጂ የሚከፋሽ ምንድን ነው? ሙሽሮቹ መጀመሪያ ያፍራሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ብዙዎቹ ያለቅሳሉ። እሷ የነገሯትን ሁሉ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። ከቁርዓን ቤት ሌላ ትምህርት ቤት ስላልገባች አማርኛውንም፣ ሐረሪኛውንም፣ ሶማሊኛውንም በዐረብ ፊደል ነበር የምትጽፈው። እኔና ኻድራ ደብተሩን ገልብጠን ብናየው አንድ ቃል አይገባንም።

አንዴ አንድ ሀብታም ቤት የምትገባ ሙሽራ ገጠመችን። አባቷ ወደብ ላይ ተሸካሚ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። የሙሽራዋ ታላቅ እህት እትዬ ነፊሳን ጥግ አስይዛ «ስለ አባታችን ሥራ ምንም እንዳታነሺ፣ ኩባንያ ውስጥ ይሠራሉ ብለን ነው የነገርናቸው» አለቻት። እትዬ ነፊሳ በቀጥታ ወደ አባትየው ሄዳ «አባቴ፣ ሥራህን በግጥሜ ባነሳው ይከፋሃል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው «እንዴት አድርገሽ እንደምታነሺው ነው የሚወስነው» አሏት። የሠርጉ ቀን እንዲህ አለች፦

ጆንያ የለመደ ያ ሰፊ ትከሻ፣
ዛሬ አበባ ያዘ እስከ መጨረሻ።

የሙሽራው እናት ተነስተው ከአዳራሹ ወጡ። ሁላችንም የተቆጡ መሰለን። ሲመለሱ በር ላይ ቆመው የነበሩትን የሙሽራዋን አባት እጃቸውን ይዘው አስገቡና ከፊት አስቀመጧቸው።

ስትዘፍን ጫማዋን አውልቃ ከኻድራ ከበሮ ጀርባ ጎን ለጎን ታኖራለች። ወለሉን ካልረገጠች ድምፅዋ አይወጣም፣ እንደሷ አባባል። ሴቶቹ በደስታ ብር ግንባሯ ላይ ሊለጥፉ ሲመጡ ፈገግ ብላ ራሷን ዞር ታደርግና መዳፏን ትዘረጋለች። «በእጄ ስጪኝ እህቴ፣ ሠርቼ ነው» ትላቸዋለች። አንዳንዷ ትቀየማለች። እሷ ግን አንድም ቀን አልቀየረችውም።

የሙዚቃ እንጀራ በጅቡቲ ወቅት አለው። ረመዳን ሲገባ ከበሮው ይሰቀላል፤ ያን ወር ሳምቡሳ ጠብሰን እንሸጥ ነበር። ሙቀቱ ሲብስና ገንዘብ ያለው ሁሉ ከተማውን ለቆ ሲሄድ ደግሞ ሥራ አይኖርም። ያኔ እትዬ ነፊሳ የጨርቅ ማራገቢያዋን ይዛ ደጃፏ ላይ ትቀመጥና ለማንም ያልሆነ ግጥም ታወጣለች። «ሙሽራ ሲጠፋ ለራሴ እዘፍናለሁ፤ እኔም ደንበኛ ነኝ» ትለን ነበር።

ቀልድ ትወዳለች። አንድ ሠርግ ላይ ሰው ሳናውቅ ድምፅዋን በካሴት ቀድቶ እያባዛ ይሸጥ ነበር። እኛ የሰማነው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፍቶታል፣ እኔ በንዴት ልጮህ ስል እጄን ቆነጠጠችኝና ሹፌሩን «ይቺ ዘፋኝ ጎበዝ ናት፣ ማናት?» አለችው።

«የድሮ ዘፋኝ ናት። ሞታለች አሉ» አላት።

«አላህ ይማራት» ብላ ሒሳቧን ከፍላ ወረደች። ሳምንቱን ሙሉ እያስታወሰች ስትስቅ ከረመች። ከካሴቱ ግን አንድ ሳንቲም አላገኘችም።

ስለ ራሷ ቤት ብዙ አታወራም። የማውቀውን ያወቅሁት ከኻድራ ነው። እትዬ ነፊሳ ከድሬዳዋ መጥተው ጅቡቲ የከበሩ ነጋዴዎች ልጅ ናት። ታላቅ ወንድሟ ሐጂ ኢብራሂም ከሜኔሊክ አደባባይ ብዙ የማይርቅ ትልቅ የጨርቅ መደብር አላቸው። በልጅነቷ ተድራ፣ ልጅ ሳትወልድ ተፈትታ፣ ወንድሟ ቤት ተመልሳ ኖረች። የሐጂ ሚስት በሽተኛ ስለነበረች ብቸኛዋን ልጃቸውን ሰሚራን ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ያኔም ትዘፍን ነበር፣ ለዘመድ ሠርግ። ያ ነውር አልነበረም። ነገሩ የመጣው አንድ የማያውቋት ቤተሰብ ጠርቷት ስትዘፍን ውላ፣ ሲከፍሏት የተቀበለች ቀን ነው።

ሐጂ አስቀምጠዋት «ለዘመድ መዝፈን ደስታ ነው። በየሰው ደጅ በክፍያ መዝፈን ግን የእኛ ቤት ሴት ሥራ አይደለም። የሚጎድልሽ ካለ ንገሪኝ» አሏት።

«የሚጎድለኝ የለም» አለቻቸው። «ግን የበላሁት ሁሉ የሰጠኸኝ ነው። የዚያን ቀኑን ብቻ ነው ራሴ ያመጣሁት።»

«እንግዲያው ምረጪ።»

በአንድ ሻንጣ ወጣች። ሰሚራ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ኻድራ እንደምትለው ልጅቷ በረንዳ ላይ ሆና «አክስቴ ቁርሴን ሳትሰጪኝ?» ብላ ተጣርታለች፤ እትዬ ነፊሳም አልዞረችም። ብትዞር ኖሮ አትሄድም ነበር።

በመደብሩ በኩል ስናልፍ መንገዱን ተሻግራ በማዶ ነው የምትሄደው። ሐጂን አንዳንዴ ሒሳብ ጠረጴዛቸው ላይ እናያቸዋለን። ያዩናል። ማንም ለማንም ሰላም አይልም። በየዓመቱ ለዒድ በሠራተኛ እጅ ጥሩ ጨርቅ ይልኩላታል። እሷም አትመልሰውም፣ አትለብሰውም፤ ለኻድራ ትሰጣታለች።

ከዚያ የሰሚራ ሠርግ መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ጫት ገብቶ ከተማው ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት ረጅም ቆንጆ ልጅ ቆማለች። እትዬ ነፊሳ ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ ነበር። ቀና ብላ አየቻት፣ ተነስታ ተቀመጠች፣ ሻሿን አስተካከለች። ከሩቅ ሳይሆን ከቅርብ ሲተያዩ በስንት ዓመታቸው እንደሆነ አላውቅም። አልተቃቀፉም። ሰሚራ በሩ ላይ እንደቆመች ከቤት ያጠናችውን ነገር መናገር ጀመረች።

«ላገባ ነው። የእሱ ቤተሰቦች ከሐረር ናቸው፣ የታወቁ የሃይማኖት ሰዎች ናቸው። አባቴ... እንደ አክስት ልጠራሽ አልፈቀደም። እነሱ ቢሰሙ ምን ይላሉ ብሎ ይፈራል። የሴቶቹን ቀን የማዘጋጀው ግን እኔ ነኝ። ዘፋኝ የምመርጠውም እኔ ነኝ።»

እኔ በበኩሌ ልጅቷን ከቤት ላስወጣት ምንም አልቀረኝም።

«ቀኑ መቼ ነው?» አለች እትዬ ነፊሳ።

ሰሚራ ነገረቻት።

«እንግዲያው ተቀመጪ፣» አለችና ደብተሯን ከትራሷ ሥር አወጣች። «የእናትሽ ስም?»

ሰሚራ ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ የእናቷን ስም ተናገረች።

«የአያትሽ ስም? የአባትሽ እናት?»

የገዛ እናቷን ስም ነበር የምትጠይቀው። ሰሚራ ስትነግራት፣ እንደማታውቀው ስም ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል ጻፈችው።

«ማን አሳደገሽ?»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «አክስቴ» አለች።

እትዬ ነፊሳ እርሳሱን አስቀመጠች። «እሷን በግጥሙ አናስገባትም» አለች። «ጥለሽው ስትሄጂ የሚከፋሽ ምንድን ነው?»

ሰሚራ እንባዋን ጠርጋ ተነሳች፤ እትዬ ነፊሳም ደግማ አልጠየቀቻትም። ልጅቷ ስትሄድ ኻድራ መጣችና ሁሉን ስትሰማ «ወላሂ አንሄድም!» ብላ ጮኸች። እትዬ ነፊሳ ደብተሩን እየዘጋች «ሥራ ነው ኻድራ። ሌላ ዘፋኝ ይጥሩላት ትያለሽ? ሌላዋ የእናቴን ስም በትክክል አትጠራውም» አለቻት።

የሠርጉ ቀን እንደማንኛውም ሙዚቀኛ በጎን በር ገባን። አዳራሹ በሐር፣ በወርቅና በሽቶ ተሞልቷል። የሐረር እንግዶች ከፊት ተቀምጠዋል፤ የሙሽራው እናት መሃላቸው ናቸው፣ ነጭ ለብሰው፣ ግርማ ያላቸው ሴት። እትዬ ነፊሳ ጫማዋን አውልቃ ጀመረች። ብዙ ሠርግ አብሬያት ዘፍኛለሁ። እንደዚያን ቀን ድምፅዋ ጠርቶ የወጣበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። የእናቷን ስም ስትጠራ እኔ መቀበል አቅቶኝ ኻድራ ከከበሮው በላይ ጮኻ ሸፈነችልኝ።

በእረፍት መሃል የሙሽራው እናት ጠሯትና እጇን ያዟት።

«ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ! የማን ቤት ልጅ ነሽ?»

ሰሚራ አጠገባቸው ነበረች።

«ከድሬዳዋ ነኝ» አለች እትዬ ነፊሳ።

«ዘመድ አለሽ እዚህ?»

«ሁለት አሉኝ» ብላ ወደ እኔና ወደ ኻድራ ጠቆመች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሐጂ ኢብራሂም ልጃቸውን ሊመርቁ ገቡ። የሙሽራ አባት ሲገባ ዘፋኝ ያወድሰዋል፣ ወጉ ነው። ሐጂ እህታቸውን መድረኩ ላይ ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ። ሰሚራ እንዳልነገረቻቸው ያኔ ገባኝ። ሁለት መቶ ሴት እያያቸው መመለስ አይችሉም። እትዬ ነፊሳ ዓይኗን ከእሳቸው ሳትነቅል እንዲህ አለች፦

የዚህ ቤት አባወራ፣ ስሙ የተጠራ፣
ለእንግዳው ምንጣፍ ነው፣ ለወገኑ ጋራ።

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ሁሉም የሰማው መከታነቱን ነው። ጋራ ዘመድን ከዘመድ እንደሚከልል ግን ሦስታችንና ሐጂ ብቻ ሰማን።

ወጉ ይቀጥላል። የተወደሰ አባት ዘፋኟን ይሸልማል። ሐጂ ከኪሳቸው ብር አውጥተው ወደ መድረኩ መጡ፤ ፊቷን ሳያዩ እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ነፊሳ ጎንበስ ብላ፣ እንደ ሌላው ሁሉ በእጇ ተቀበለች።

«አላህ ይጨምርልህ» አለቻቸው።

ከአዳራሹ ስንወጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። በእጇ የያዘችውን ብር ከዕለቱ ሽልማት ጋር ቀላቀለችና እንደ ወትሮው ለሦስት አካፈለችው። ኻድራ «እኔ የዚያን ሰውዬ ብር አልነካም» ስትል «የሥራ ነው፣ ያዢ» ብላ እጇ ላይ አስጨበጠቻት። ቤት ስንደርስ ተኛች። ሁለት ቀን አልተነሳችም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለእኛ ዓይነት ሙዚቀኛ መልካም አልነበሩም። መጀመሪያ ኦርጋን የያዙ ወጣቶች መጡ፣ ቀጥሎ ዲጄ መጣ። አንድ ፍላሽ የሰካ ሰው ከሦስት ሴቶች ይረክሳል፣ አይደክምም፣ ውሃ አይጠጣም። ወር ሙሉ ጠሪ የምናጣበት ጊዜ በዛ። እትዬ ነፊሳ «ፍላሹ የሙሽራዋን አያት ስም ከየት ያመጣል?» ትል ነበር። ስሙን የሚፈልገው ሰው ግን እያነሰ ሄደ። እኔ ልብስ መስፋት ጀመርኩ። ኻድራ ገበያ ወጣች። እሷ ሌላ ሥራ አልሞከረችም፤ አንድ ሠርግ እንኳ ከተገኘ ሦስት ቀን ቀደም ብላ ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች።

አንገቷ ላይ እብጠት የወጣው በዚያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ በሻሿ ትሸፍነው ነበር። እያደገ ሲሄድ መተንፈስ አስቸገራት። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ፣ ነርሷ በሶማሊኛ፣ ኻድራ በአማርኛ ሆነው የነገሩን አንድ ነገር ነው፦ እብጠቱ ካልወጣ ያፍናታል፤ ሥሩ ግን ድምፅን ከሚያዘው ነርቭ ጋር ተጣብቋል፤ ሲወጣ ድምፅዋ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

«ሳይወጣ ስንት ጊዜ መቆየት እችላለሁ?» ብላ ጠየቀች።

አንድ ዓመት ቆየች። በዚያ ዓመት ሦስት ሠርግ አገኘን። መጨረሻ ላይ ሁለት ስንኝ ብላ ትንፋሽ ስለሚያጥራት፣ ግጥሙን እኔ ጆሮ ላይ ታንሾካሹክልኝና እኔ አወጣው ነበር። ሙሽሮቹ አላወቁም። እኔ ግን የማላውቀውን ሰው ልብስ ለብሼ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

ከኦፕሬሽኑ ስትነቃ አፏን ከፈተች፣ የወጣው ንፋስ ብቻ ነው። ሐኪሙ የፈራው ደረሰ። እኔና ኻድራ ስናለቅስ በእጇ «ተዉ» አለችን።

ከሳምንት በኋላ ሐጂ ኢብራሂም መጡ። አርጅተዋል። በራችን ዝቅተኛ ስለሆነ ጎንበስ ብለው ገብተው፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ነፊሳ፣ ክፍልሽ እንዳለ ነው» አሏት። «አሁንማ መዝፈኑ ቀርቷል። የሚያጣላን ነገር የለም። ነይ ግቢ።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ያን ሲሉ እንባቸው ይወርድ ነበር። በእሳቸው ቤት ይቅርታ መጠየቃቸው ነው።

እትዬ ነፊሳ ጠጋ እንዲሉላት በእጇ ጠራቻቸው። የምትናገረው በሹክሹክታ ስለሆነ ለመስማት ጆሯቸውን ወደ አፏ አስጠጉ። እኔም ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁ።

«ኢብራሂም፣ እየዘፈንኩ ብትጠራኝ ኖሮ ሮጬ ነበር የምመጣው።»

ሐጂ ተነስተው ወጡ። ከበሩ ውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው አየኋቸው።

እኔ እናቴ ታማብኝ ወደ ድሬዳዋ የተመለስኩት ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ባቡር ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ድረስ ሊገባ ነው እየተባለ በሚወራበት ሰሞን ነበር። ስሰናበታት «በባቡሩ እየመጣሁ አይሻለሁ» አልኳት። ፈገግ ብላ ጉንጬን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ኻድራ ወደ ራሷ ግቢ ወስዳ እስከ መጨረሻው አስታመመቻት። እኔ እንዳልኩት እየመጣሁ አላየኋትም። ዛሬ ነገ ስል ነው የኻድራ ስልክ የመጣው።

እንግዲህ ለቅሶው።

የሐጂ ቤት ሴቶች የተቀመጡበት ትልቅ ክፍል ሞልቶ ነበር። እኔና ኻድራ በሩ አጠገብ ቦታ አገኘን። ሰሚራ ሕፃን ልጇን ታቅፋ መሃል ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። አጠገቧ አማቷ አሉ፣ እኒያ ነጭ ለባሽ ሴት፤ ለለቅሶው ከሐረር መጥተው። ሐጂ ኮሪደሩ ላይ ለእንግዳ የሚሆን የውሃ ካርቶን ራሳቸው ተሸክመው ያስገቡ ነበር።

የሰሚራ አማት ቀስ ብለው «የሐጂን እህት ሳላውቃት ቀረሁ። ምን ነበር ሥራዋ?» ብለው ጠየቁ።

አንዲት የቤቱ ዘመድ ፈጠን ብላ «ቤት ነበረች። የቤት ሰው ነበረች» አለች።

ሰሚራ ቀና አለች። ልጇን ወደ ትከሻዋ አዛወረች።

«ዘፋኝ ነበረች» አለች። «የእኔን ሠርግ የዘፈነችው እሷ ናት እማማ። እጇን ይዘሽ የማን ቤት ልጅ ነሽ ያልሻት። ያሳደገችኝ እሷ ናት።»

አሮጊቷ ሰሚራን አዩዋት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ በሩ መለሱ፤ ሐጂ ካርቶኑን እንዳቀፉ እዚያ ቆመው ነበር።

«ያቺ ሴት?» አሉ። «ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገራችሁኝም? አጠገቤ አስቀምጣት ነበር።»

ሐጂ ኢብራሂም ካርቶኑን መሬት ላይ አኖሩና እዚያው በሴቶቹ በር ላይ ተቀመጡ። ከኮሪደሩ ወንዶች መጥተው ሊያነሷቸው ሲሉ በእጃቸው ከለከሉ። ኻድራ፣ ያን ሁሉ ዓመት ስማቸውን ስትሰማ የምትተፋ ሴት፣ ከአጠገቤ ተነሳችና አንድ ውሃ ከፍታ ሰጠቻቸው።

ጠርሙሱን ይዘው ቆዩ እንጂ አልጠጡም።